የአበልጅ ስም

አሶሳ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ካሣ
ድባጤ

ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ረድኤትም ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የእኔን ደብዳቤ ሲያዩ ልብዎ እንደሚደነግጥ ስለነገሩኝ ነው።

የለመኑኝ ነገር ተፈጽሟል። የልጅ ልጅዎ ትናንት ክርስትና ተነሣች። «ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ መንደራችን ተቃጠለ፤ እናቷ ጸሐይም አባቷም በዚያው ቀሩ፤ ልጅቷን ሳላስጠምቅ ብሞት ለጸሐይ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?» ብለው የጻፉልኝን ለቄሱ አነበብኩላቸው። ቄሱ አራት ዓመት ያለፋት ልጅ መሆኗን ሲያዩ ገረመም አደረጉኝ። ደብዳቤዎን ሲሰሙ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠራረጉና «በሉ አምጧት» አሉ። ውሃው ሲፈስባት «ይቀዘቅዛል! ይበቃኛል!» ብላ ጮኸች፤ ዲያቆኑ ሳይቀር ሳቀ። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ኪዳን ነው።

«የክርስትና እናቷ ማን ሆነች?» ይሉኛል። አንዲት ጎረቤቴ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ ጠዋት ልጇ አተኮሰውና ቀረች። ቄሱ «የምታነሣት ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔና ከብኸይታ በቀር ሰው የለም። ብኸይታ የሕፃናት ማቆያችን ሞግዚት ናት፤ ረድኤትን ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለች ከወታደሮች እጅ ተቀብላ ያሳደገቻት እሷ ናት። እስላም መሆኗን ቀድሜ ነግሬዎታለሁ። እሷው ክንዴን ገፋ አድርጋ «አንተ ሂድ፣ ሐኒ። ልጁ ይበርደዋል» አለችኝ። የብኸይታ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኛም ለምደነዋል። ሄድኩና አነሣኋት።

እኔ የማቆያው ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የጠፋ ዘመድ መፈለግ እንጀራዬ ነው፤ ዓምና እርስዎን ያገኘሁትም በዚሁ ሥራ ነው። ክርስትና ማንሣት ግን በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው። መንገዱ ረገብ ሲል መጥቼ ቤትዎን አያለሁ፤ ለልጅ ይሆናል ብዬ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ረድኤትን ይዤልዎ እመጣለሁ። ስለ ቤቱና አብሮዎ ስለሚኖረው ሰው ይጻፉልኝ።

ሐኒ


ድባጤ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለአበልጄ ለሐኒ

እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ የወለድሽው ይባረክ፤ ገና ካልወለድሽም የምትወልጂው ይባረክ። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ሹፌሩ ዳምጠው ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ነበር የሰጠኝ፤ እኔ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ እሱ ጥሩምባ ቢያሰማም አልተነሣሁለትም። በኋላ በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ።

«ልጄ» ማለቴን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ፤ አበልጅ ሆነሻል። አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ላስረዳሽ። እኔ ከናቴ ልጅ ጋር በድንበር ተካስሼ አውቃለሁ። ከአበልጆቼ ጋር ግን አንድም ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አበልጅ አበልጁን አይክድም፤ በላዩ አይመሰክርም። ወላጅ ቢሞት ልጁን የሚያሳድገው የክርስትና አባቱ ነው፤ የክርስትና እናቱ ናት። እኔ ዛሬ ብሞት ረድኤት እናት አላት ማለት ነው። ይህን ሳስብ ወገቤ ቀለለኝ።

ስለ ቤቱ ለጠየቅሽኝ፣ ከተቃጠለው ቦታ ላይ እንደገና ሠርቻለሁ፤ ዘንድሮ ቆርቆሮ ለብሷል። የወንድሜ ልጅ ኤልሳዕ ከሚስቱ ጋር አጠገቤ ነው የሚኖረው፤ ምግቤን እነሱ ናቸው የሚያዩልኝ። ስልክም ያለው እሱ ነው። እዚህ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። ለረድኤት የጠፍር አልጋ አሠርቼላታለሁ። የእኛን ቋንቋ፣ ሽናሽኛን፣ አለማወቋ አያስጨንቅሽ፤ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከብት ሲያባርር ነው።

የላክሽልኝን ፎቶዋን አየሁ። ግንባሯ የጸሐይ ነው። ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ይቅር።

ትንሽ ለውዝ ልኬያለሁ። ለብኸይታም ድርሻዋን ስጫት፤ ካሣ እጅ ነሥቷል በያት።

አበልጅሽ ካሣ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለአባባ ካሣ

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ለውዙን ረድኤትና ብኸይታ ጨረሱት፤ እኔ ቅርፊቱን ጠረግኩ።

«ምነው ጠፋሽ?» ይሉኝ ይሆናል፤ ሥራችን ተገለባብጦ ነው። የክልሉ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሕፃናት ከሚያቆዩ እንደ እኛ ካሉ የግል ድርጅቶች ጋር አዲስ ውል ተዋውሏል። የማቆያችን ኃላፊ ማህጁብ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ግማሽ ቀን አነበበልን። ማህጁብ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲያነብ ጓደኛው የሞተበት ይመስላል። ውሉን ያፈረሰ ድርጅት ፈቃዱን ይነጠቃል፤ እኛ ዘንድ ያሉት ልጆች በሙሉ ይበተናሉ።

እርስዎን የሚመለከተውን ልንገርዎ። ልጅ ለዘመድ የሚሰጠው ቤቱ ታይቶ ነው፤ ይህ ድሮም ነበር። አሁን ግን ጉብኝቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎብኚው «ይሆናል» ካለ ልጅቷ ትመጣለች፤ «አይሆንም» ካለ ለዘለቄታው ለሌላ ቤተሰብ ትሰጣለች፤ ተመልሶ መጠየቅ የለም። ደግሞ ዘመዱ ዕድሜው ከስልሳ ካለፈ፣ ከእሱ በኋላ ልጅቷን የሚረከብ ጎልማሳ ሰው በራሱ አንደበት መጥራት አለበት። ካልጠራ አይሰጠውም።

እርስዎ ከስልሳ ያለፉት መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሽበትዎን በፎቶ አይቻለሁ።

መንገዱ አሁንም እንደተዘጋ ነው። እስኪከፈት ድረስ ከቢሮው ሰው በኤልሳዕ ስልክ ደውሎ የመጀመሪያ ጥያቄ ይጠይቅዎታል። አይፍሩ፤ እውነቱን ይናገሩ፤ የሚጠሩትም ሰው ካለዎት ይጥሩ። ውሉ ረጅም ነው፤ እኔም ገና አንብቤ አልጨረስኩትም። እርስዎን የሚያስጨንቅ ነገር ግን አላየሁበትም።

ረድኤት «አያቴ ጥርስ አለው?» ብላ ጠይቃኛለች። መልሱን ይላኩልኝ።

ሐኒ


ድባጤ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለሐኒ

ጥርስ አለኝ በያት። ለቆሎ አይበቃም፤ ለሣቅ ግን ይበቃል።

ደስ የሚል ወሬ ይዤልሻለሁ። የቢሮው ሰው ደወለ። ኤልሳዕ ከኮረብታው ላይ ኔትወርክ አግኝቶ ጠራኝና እየሮጥሁ ወጣሁ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ ሰውየው ታገሠኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ «አባቴ» እያለ ነው ያናገረኝ። ስለ ቤቱ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ስለ እህሉ ጠየቀኝ፤ በቆሎውንም ዳጉሳውንም ነገርሁት። ከዚያ «እርስዎ ከሌሉ ልጅቷን ማን ይረከባል?» አለ።

እኔ ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ኤልሳዕ አጠገቤ ቆሟል፤ እሱን ብጠራ ደስ ይለው ነበር። ግን እውነቱን ተናገር ብለሽኛል፤ እውነቱ ደግሞ ሌላ ነው። «ክርስትና ያነሣቻት አበልጄ ሐኒ አለች፤ እዚያው እናንተ ዘንድ ልጅቷ ያለችበት ማቆያ ነው የምትሠራው» አልሁት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ። «ስሟን ይድገሙልኝ» አለ። ደገምሁለት፤ ያባትሽንም ስም ነገርሁት። አመስግኖ ዘጋው።

ኤልሳዕ ትንሽ አኩርፏል። ይለፈዋል። እኔ ግን ከኮረብታው የወረድሁት እንደ ጎረምሳ እየዘለልሁ ነው። መንገዱ ሲከፈት ቶሎ ነይ።

አበልጅሽ ካሣ


አሶሳ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ካሣ ቢተው
ድባጤ

ጉዳዩ፦ ሕፃን ረድኤትን ስለሚመለከት

ከላይ የተጠቀሰችው ሕፃን ጉዳይ ከዚህ ማቆያ ወደ ሌላ ውል ወደያዘ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት የተዛወረ መሆኑን እናሳውቃለን። የቤተሰብ ጉብኝቱን ወደፊት የሚያካሂደው ተረካቢው ድርጅት ይሆናል። ከእንግዲህ ጉዳዩን በተመለከተ ለዚህ ማቆያ ሠራተኞች በግል መጻፍ የማይቻል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።

ከሠላምታ ጋር
ሐኒ ኃይለኢየሱስ
ማኅበራዊ ሠራተኛ


ድባጤ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐኒ

ምን ብዬ እንደምጠራሽ ስላላወቅሁ ስምሽን ብቻ ጻፍሁ።

አትጻፍ ብለሽኛል፤ እኔ ግን እጽፋለሁ። ለዳምጠውም ለቢሮው ሳይሆን በእጇ ስጣት ብዬዋለሁ። «አቶ ካሣ» የሚለውን ሳይ ደብዳቤው የሌላ ሰው መስሎኝ ለኤልሳዕ አሳየሁት። «አንተው ነህ» አለኝ። «እናሳውቃለን» ትያለሽ፤ ስንት ሆናችሁ ነው የጻፋችሁልኝ?

ምን አጠፋሁ? ሌሊት ተኝቼ ሳሰላስል ለውዙ ነው እላለሁ፤ እንደ ጉቦ ቆጥረውት ይሆን? ወይስ በስልክ ስናገር ድምፄ የሰከረ ይመስል ነበር? ሮጬ ስለወጣሁ ነው እንጂ እኔ ጠላ እንኳ ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ንገሪያቸው። ወይስ የእኛን ድንበር ነገር ሰምተው ነው? እዚህ ዘንድሮ ሰላም ነው፤ ገበያውም ደርቷል፤ ትናንት የጉሙዝ ጎረቤቶቻችን አብረውን ሲያርሙ ዋሉ።

ልጅቷ የት ናት? ሌላውን ተይው፤ ይህን ብቻ መልሽልኝ።

ካሣ


አሶሳ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለአባባ ካሣ

በእግዚአብሔር ስም፣ በረድኤት ስም ይቅር ይበሉኝ። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት ማህጁብ እያዘዘኝ፣ የቢሮው ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ነው። «አቶ» ብዬ ስጽፍ ሁለት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ከቤቴ ነው፤ ዳምጠው በእጁ ያደርስልዎታል።

ለውዙ አይደለም። ድምፅዎም አይደለም። ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ የእኔም ነው፤ እውነቱን ይናገሩ ያልኩዎ እኔ ነኝ፤ ውሉንም እስከ መጨረሻው ያላነበብኩት እኔው ነኝ። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ እንዲህ ይላል፦ የድርጅቱ ሠራተኛ ከሚያቆየው ልጅ ጋር የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም ማንኛውም ሌላ የዝምድና ትስስር ካለው፣ የልጁ ጉዳይ ወዲያውኑ ለሌላ ድርጅት ይተላለፋል። ደግሞም ውል በያዘ በየትኛውም ድርጅት የሚሠራ ሰው ልጅ ተረካቢ ሆኖ ሊጠራ አይችልም። ምክንያቱ ክፉ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ልጆችን ለዘመዶቻቸው እያደሉ የተጠቀሙ ሠራተኞች ስለነበሩ ነው። ለእኛ ግን ማነቂያ ገመድ ሆነብን።

የቢሮው ሰው መጥቶ ማህጁብ ክፍል አስጠሩኝ። «ዘመድሽ ናት ወይ?» አለኝ። «የክርስትና ልጄ ናት» አልኩ። ማህጁብ ሊያድነኝ ፈልጎ ነበር። እስላም ነው፤ የኛን ነገር በደንብ አያውቀውም። «ሐኒ፣ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር ብለሽ ጻፊ። ዝምድና የለንም ብለሽ ፈርሚ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። አባባ፣ አልቻልኩም። ቄሱ ፊት «እኔ ነኝ» ብያለሁ። ያን ቀን ብፈርም ኖሮ ረድኤት ዛሬ እዚህ ትሆን ነበር፤ ምናልባትም እርስዎ ዘንድ። ቀንም ሌትም ይኸው ነው የሚያብከነክነኝ። ልክ ሠራሁ ወይስ ለራሴ ነፍስ ብዬ ልጅቷን ሸጥኳት?

ማህጁብንም አልፈርድበትም። «አንድ ልጅ ይዤ ሌሎቹን ሁሉ ልበትን?» ብሎኛል።

ያለችው ካማሺ ነው። እዚያ ውል የያዘ ሌላ ድርጅት ወስዷታል። እንዴት እንደሄደች አሁን አልጽፍልዎም። ብኸይታ ለሳምንት አላናገረችኝም፤ ከዚያ መጥታ «ልጁ ወሰደ። አንተ ቆሞ አየ። ወላሂ እኔም ቆሞ አየሁ» አለችና አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች።

አሁን ያለችንን አንድ ዕድል እንጠብቅ። ከካማሺ ጎብኚ ይመጣልዎታል፤ ከመኸር በፊት አይሆንም ተብሏል። ይኸኛው የመጨረሻው ነው። «ከእርስዎ በኋላ ማን?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ኤልሳዕን ይጥሩ። የእኔን ስም አያንሡ። ስሜ ከተነሣ ልጅቷን በውስጥ ሰው በኩል ሊወስድ ነው ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። በቀጥታ ቢጠይቅዎ፣ አዙሮ ቢጠይቅዎ፣ እየሳቀ ቢጠይቅዎ፣ አያውቁኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ራሴ ያልቻልኩትን እርስዎን ማዘዜ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።

አበልጅዎ ሐኒ


ድባጤ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለሐኒ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ከኮረብታው ላይ ሆኜ ነው ያወጣሁት፤ ርቆ ሄደ። ይቅር በይኝ። ያንን ደብዳቤ በቂም እንዳልጻፍሽው ማወቄ አጽናንቶኛል።

አንቺ አልፈርምም ስላልሽ ሸጥኳት አትበይ። እኔ በቦታሽ ብሆን እፈርም ነበር፤ ስለዚህ ከእኔ ትሻያለሽ። ጸሐይም ብትኖር በአንቺ ደስ ይላት ነበር።

ያዘዝሽኝን እሠራለሁ። አበልጅን መካድ ከባድ ነው፤ ለንስሐ አባቴ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ለሕፃን ነፍስ ነው» አሉኝ። ኤልሳዕም እሺ ብሏል። ሚስቱ ግን ፊቷ አልፈታልኝም፤ የራሳችንስ ልጆች የምትል ይመስለኛል፤ አልፈርድባትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልቅሳ ነው የሄደችው?

አበልጅሽ ካሣ


አሶሳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለአባባ ካሣ

አዎ፣ አልቅሳ ነው። የብኸይታን ሻርፕ ይዛ አልለቅም አለች፤ ብኸይታ ሻርፑን ከራሷ አውልቃ ሰጠቻት። ፀጉሯን ገልጣ ወንዶች ፊት ቆመች፤ ብኸይታን ስለማያውቋት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባዎትም። እኔን ረድኤት ምንም አላለችኝም። የማስቀራት መስሏት ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ይህን ነበር ያልጻፍኩልዎት።

አሁን የሚቀጥለውን እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብለው ያንብቡ። በኤልሳዕ ስልክ ብደውል ብደውል አይሠራም፤ ስለዚህ ነው ዳምጠውን ሌላ ጭነት ትቶ ይህን እንዲያደርስ የለመንኩት።

ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ካማሺ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው «ምኗ ነሽ?» አለኝ። «የክርስትና እናቷ» አልኩ። ገብቶ ጠይቆ ተመለሰ። ልጅ መጠየቅ የሚችል የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው አለኝ፤ ውሉ እንዲህ ይላል። አባባ፣ ውጭ ቆሜ ሣቅ መጣብኝ። ለመከልከል ጊዜ ዘመድ ነሽ አሉኝ፤ ለመጠየቅ ጊዜ ባዳ ነሽ አሉኝ። ያው ውል ነው፤ ያው ወረቀት። ከአጥሩ ወዲያ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። የእሷን ድምፅ ልለይ ብዬ ብዙ ቆምኩ፤ መለየት አልቻልኩም። አምስት ወር አልሞላም እኮ።

ጎብኚያቸው ገመቺስ የሚባል ልጅ ነው፤ ወጥቶ አነጋገረኝ። ደህና ሰው ነው። «ሠራተኛ እስከሆንሽ ድረስ ስምሽ ቢጠራም ዋጋ የለውም» አለኝ። «ሠራተኛ ባልሆንስ?» አልኩት። «ያን ጊዜማ ማንም ሰው ነሽ፤ ማንንም መጥራት ይቻላል» አለኝ።

አሶሳ ተመልሼ ሥራዬን ለቀቅኩ። ማህጁብ መልቀቂያዬን ሲፈርም ቀና ብሎ አላየኝም። ሌላ ሥራ የለኝም፤ ለጊዜው እናቴ ዘንድ ነኝ፤ ስለዚህ አይጨነቁ። ለገመቺስ መልቀቄን አስታውቄዋለሁ። ግን «እኔ ልነግራቸው አልችልም፤ አያትየው በራሳቸው አንደበት ካልጠሩሽ አልጽፍም። ውሉ ጎብኚ መልስ እንዳይጠቁም ይከለክላል» ብሎኛል።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ የነገርኩዎትን ይርሱት። ሲመጣ «ከእርስዎ በኋላ ማን?» ይልዎታል። «አበልጄ ሐኒ» ይበሉ። ጮክ ብለው ይበሉ። ኤልሳዕን ቢጠሩም ጥሩ ነው፤ እኔን ግን ይጥሩኝ፤ ኤልሳዕ የልጆች አባት ነው፤ ነገ ቢከብደው አይፈረድበትም። የሚመጣው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስዎታል፤ መድረስ አለበት።

አበልጅዎ ሐኒ


ድባጤ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለሐኒ

ሰላምሽ ይብዛ። ካንቺ ወሬ ካገኘሁ ሰነበተ። ዳምጠውም አልታየም፤ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል ይላሉ፤ መኪኖች ነቀምት ላይ ቆመዋል አሉ። ይህችን የምልከው ወደ ቻግኒ በሚሄድ ዲያቆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል። ሳልነግርሽ መዋል ግን አልቻልሁም።

ጎብኚው መጣ። በሚካኤል ማግስት፣ ትናንት። በሌላ መንገድ ዞሮ ዞሮ፣ የመጨረሻውን በእግሩ ነው የደረሰው። ገመቺስ ይባላል። እግሩን አጠብሁለት፤ «እኔ ልታጠብ?» ብሎ አፈረ። ቤቱን አየ፤ ወደደው። ጎተራውን አየ። ጎረቤቶቼ መሰከሩልኝ፤ የጉሙዙ ጎረቤቴ ሳይቀር መጥቶ «ካሣ ጥሩ ሰው ነው፤ ልጅ ይወዳል» አለለት።

ያልጻፍሁልሽ ነገር አለ፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ኤልሳዕ የለም። በጥቅምት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ መንጌ ሄደ፤ ወርቅ ታጥቦ ይገኛል ብለውት ነው። ስልኩም አብሮት ሄዷል። ሲሰናበተኝ «አጎቴ፣ የማላበላውን ልጅ በስሜ አልቀበልም፤ እንዳትጠራኝ» አለኝ። እንቢ ያለኝን ሰው አለ ብዬ አልዋሽም።

ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። «አባባ፣ ከእርስዎ በኋላ ልጅቷን ማን ይረከባል?» አለ። «እግዚአብሔር አለ» አልሁ። «አሜን። ከሰውስ?» አለ። «የለም» አልሁ። ሰው ያልጠራ አይሰጠውም ማለትሽን አልረሳሁም፤ ግን ስምሽ ከተነሣ ጉዳዩ ይዘጋል ብለሽኛልና፣ ቤቱና የጎረቤቶቼ ምስክርነት ይበቁኛል ብዬ ታመንሁ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ውሃ ጠጣ። «የክርስትና እናት የላትም?» አለኝ። አንቺ አዙሮ ሊጠይቅህ ይችላል ስላልሽኝ ነቃሁ። «አላውቃትም» አልሁ። «በፊት በስልክ አንዲት ሴት ጠርተው ነበር ይባላል» አለ። «ዕድሜ ነው፤ ተሳስቼ ይሆናል» አልሁ። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ «ከሥራ የለቀቀ ሰው ስም መጥራትን ውሉ አይከለክልም» አለ። ለኔ አይደለም የሚናገረው፤ ለግድግዳው ነው። ወጥመዱን አየሁት። አንቺ ባታስጠነቅቂኝ ኖሮ ዘልዬ እገባበት ነበር። «ሐኒ የምትባል ሰው ጨርሶ አላውቅም» አልሁት፤ ስምሽን ሳይጠራው እኔ መጥራቴ ትንሽ ስሕተት ነው፤ ግን አጥብቄ ስለካድሁ አይጎዳም።

ሰውየው ብዙ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲል ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደገና ዞረና «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት? አንድም ሰው?» አለኝ። ድምፁ ልመና ይመስላል። እኔም ጸናሁ። «አንድም» አልሁ። ጻፈው። ሲጽፍ እጁ ይዘገያል። ከዚያ እጄን ይዞ ብዙ ቆየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መንገዱ አድክሞት ይሆናል። «መቼ ታመጡልኛላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ መልስ አልሰጠኝም፤ እንዳይናገሩ ይከለከላሉ መሰለኝ።

አበልጄ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ደስ እንዲልሽ ነው። በእኔ ሰበብ የጠፋውን በእኔው አፍ አስተካክያለሁ። በቀጥታ ጠየቀኝ፣ አዙሮ ጠየቀኝ፣ ለምኖ ጠየቀኝ። ስምሽን አሳልፌ አልሰጠሁም።

አበልጅሽ ካሣ